የጋሽ ጉደታ ቁም ሳጥን

ዛሬ ማለዳ በደጃችን አንድ ባጃጅ አለፈ። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሯል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ማይኩን ይዞ፣ አቶ ጉደታ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም ነገ በስድስት ሰዓት መሆኑን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ተናገረና በዳቦ ቤቱ በኩል ታጠፈ። ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ከፊት ለፊታችን ፎቅ መስኮቱን የከፈተ ሰው አላየሁም። እኔ ግን የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዘመን በእግሩ እየዞረ የሰውን ሞት ሲነግረን የኖረ ሰው፣ የእሱን ሞት ባጃጅ ነገረን።

ረፋዱ ላይ ሌንሴ መጣች። የጋሽ ጉደታ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ባንክ ቤት ትሠራለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ ብዙነሽ፣ የአባዬን የሕይወት ታሪክ እርስዎ ይጻፉልን» አለችኝ። «ቀብሩ ላይ የሚነበብ ነው። ፀሐይ ስለሚሆን ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረበትንም አይርሱብኝ። ስንት ዓመት ነበር?»

«ዓመት አልሞላም» አልኳት።

ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ያኔ እሷ ገና አልተወለደችም። ከሄደች ጀምሮ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ግማሹ ገጽ አንድ መስመር እንኳ አልያዘም።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ ዛሬም አፌ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነው፣ የልጅ ልጆቼ ያርሙኛል። ከባቡር ጣቢያው እስከ ፖስታ ቤት በጋሪ አሥር ሳንቲም ነበር። ስሙኒ ከተገኘ ከጓደኛ ጋር ከተማውን ዞሮ መግባት ይቻላል። የፈረሶቹ አንገት ላይ ቃጭል ይታሰር ስለነበር፣ የለመደ ጆሮ የማን ጋሪ እንደመጣ ቤት ውስጥ ሆኖ ይለያል። ነፋሱ ያው የዛሬው ነፋስ ነው፤ የካቲት ሲገባ አቧራውን አንሥቶ ያጠብነውን ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ ያለብሰው ነበር። እኛ ሴቶቹ ጉልበታችንን የሚያሳይ ጉርድ እንለብሳለን፤ ወንዶቹ እግሩ የሰፋ ቦላሌና አንገትጌው ትከሻ የሚደርስ የቴትሮን ሸሚዝ። ስኳርና ሳሙና በኩፖን ከቀበሌ ሱቅ ነበር የሚገኘው፤ ብርቱካኑና ፓፓያው ግን ሞልቶ ይፈስ ነበር። ከጣቢያው አጠገብ ካሉት ቡና ቤቶች የናፍቆት ዘፈን ይሰማል፤ ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሽ ይሰማል። እኛ በሁለቱ መሐል ባለው መንገድ እንመላለስ ነበር፤ ማርሹን ሳንወድ በቃላችን ያዝነው፣ ዘፈኑን ወደን።

ጋሽ ጉደታ የጋሪ ፈረሶች ልጓም ሰፊ ነበር። በዚያ መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ወስፌውን ይዞ ይቀመጣል፤ ከሩቅ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። እንጀራው እሱ ይሁን እንጂ ሰው የሚያውቀው በእድር ጥሩምባ ነፊነቱ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ ይወጣል። በየማዕዘኑ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል። ቤት የሚሳሳት ሰው አልነበረም። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን እንደታመመ ሁሉ ያውቅ ነበር። «መርዶ ካደረ ይበሰብሳል» ይል ነበር። ሌሊት አንድ ሰው ካረፈ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ያልሰማ ጎረቤት እንዲኖር አይፈልግም።

ሊቀመንበር የሆነው በልማዱ የተነሣ ነው። የቀድሞው የቀበሌ ሊቀመንበር በድንገት ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ሁላችንም ተጠርተን ትምህርት ቤቱ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ከበላይ የመጣው ካድሬ «ጠቁሙ» ሲል፣ ጎልማሳው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያኔ ወንበሩን የሚመኝ ሰው አልነበረም፤ ወንበሩ ላይ የወጣ ሰው ወይ ይጠላል፣ ወይ ይጠፋል። ካድሬው ተናደደና ከነጭራሹ ያልመጡ ሰዎች እንዳሉ አነሣ። «ያልመጣው ማን ነው?» ብሎ ጮኸ።

በእድር ስብሰባ ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ተነሥቶ የሚመልሰው ጥሩምባ ነፊው ነው። ጋሽ ጉደታ ሳያስብበት ተነሣ። ያልመጡትን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር፤ እንትና ወባ ይዞታል፣ የእንትና ሚስት ወልዳለች፣ እንትና ዝዋይ እናቱ ዘንድ ሄዷል። በእድር ደንብ፣ ምክንያት ያለው ሰው ስለማይቀጣ፣ ሰዎቹን ከቅጣት ማዳኑ ነበር። ካድሬው ግን አፉን ከፍቶ ያየው ነበር። «ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው ይኸው!» አለ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁላችንም አጨበጨብን፣ በእፎይታ። እኔም ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ። ጋሽ ጉደታ እንደቆመ ግራና ቀኝ ያይ ነበር፤ አሁን ማን ሞተ የሚል ይመስል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የቀበሌው ታይፒስት ነበርኩ። በፖስታ ቤቱ አጠገብ ታይፕ ተምሬ በሰባ ብር ደሞዝ የተቀጠርኩ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ። በሰፈር «አንተ» የምለው ሰው ቢሮ ሲገባ «እርስዎ» ሆነብኝ። የካኪ ልብስ አሰፉለት፤ ትከሻው ላይ አልቀመጥ ብሎት ሲያስተካክለው ይውላል። ሰው ሁሉ «ጓድ ሊቀመንበር» ይለዋል፤ እኔን ብቻ ሰው በሌለበት «ኢንተላ ኮ» ይለኝ ነበር፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ጥራ ቢባል፣ ሌላ መጥሪያ ስለማያውቅ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንዳንዶቹም እያለቀሱ ወጡ። የመጡት ለስብሰባ መሆኑን ሲያውቁ አንዲት አሮጊት «በጥሩምባ አይቀለድም ልጄ» አሉት። አፈረ። በዚያው ቀን ጥሩምባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቢሯችን ውስጥ ባለው የብረት ቁም ሳጥን ቆለፈበት፤ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ።

እትዬ ሙሉ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር የምትርቅ ጎረቤታችን ነበረች። ባቡሩ ሲቆም ብርቱካን በመስኮት ለመንገደኛ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት አንድ ልጅ ግርማ ነው፣ እሱም ወታደር ሆኖ ሰሜን ነበር። ግርማ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል፤ ሳቁን አውቀዋለሁ። እትዬ ሙሉ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤ የምጽፍላትም የማነብላትም እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ጀምራ ነበር። ጠመኔ የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ግርማ ሲመጣ ደብዳቤውን እኔው ራሴ አነብለታለሁ» ትል ነበር። እኛ እንስቅባት ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር።

ኅዳር ውስጥ ቡናማ ፖስታ መጣ። እኔ ነኝ የከፈትኩት፤ ደብዳቤ መክፈት ሥራዬ ነው። የግርማ ስም ከነአባቱ ተጽፎበታል፤ መሞቱን ይናገራል። ከሥሩ፣ ጊዜው እስኪፈቅድ ለቤተሰብ እንዳይገለጽ የሚል አለበት። ወረቀቱን ለጋሽ ጉደታ አነበብኩለት። ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያንን የማይመቸውን ካኪ ከአንገቱ ሳብ አደረገው።

«ጊዜው መቼ ነው የሚፈቅደው?» አለኝ።

«አልተጻፈም።»

«ባልናገር ምን ይሉኛል፣ ብናገርስ?» አለ።

ምን እንደሚሉት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ፖስታውን ከጥሩምባው ጎን አስቀመጥኩና ቆለፍኩበት። እኔን ማንም አላስገደደኝም። ፈራሁ፤ ለራሴ ፈራሁ፣ ከእኔ ደሞዝ በቀር ሌላ ለሌላት እናቴ ፈራሁ። እትዬ ሙሉን በዚያን ቀን ማታ ውሃ ቧንቧው ጋ አግኝቼ ሰላም ስላት ድምፄ እንኳ አልተቀየረም። እስከ ዛሬ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው።

ለገና እትዬ ሙሉ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ አምጥታ ቢሯችን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። የወታደር ስንቅ በቀበሌ በኩል ነበር የሚላከው። «ደብዳቤም ጻፊልኝ» አለችና ተቀመጠች። ብርቱካን ዘንድሮ መርከሱን፣ ጣራው መታደሱን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም እንደሚለው ትነግረኛለች፤ እኔ እስክሪብቶዬን አስኬዳለሁ። መጀመሪያ እንዳለችኝ ጻፍኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ለሞተ ሰው ስለ ጣራ እንዴት ይጻፋል? ግን ብዕሬ እንዳይቆም፣ እሷም እንዳትጠራጠር፣ «ግርማ ይቅር በለኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስትቀጥል ደግሜ ጻፍኩት። ገጹ እስኪያልቅ እሱኑ ጻፍኩት። ማንበብ አትችልም። «አንብቢልኝ» ስትለኝ ጣራውንም ብርቱካኑንም ከአፌ ጨምሬ አነበብኩላት፤ ደስ ብሏት አጠፈችው።

ጋሽ ጉደታ ከረጢቱንና ደብዳቤውን ተቀብሎ «ይደርሳል» አላት። ስትወጣ ቁም ሳጥኑን አስከፈተኝና ከጥሩምባው ጎን አኖራቸው። ሌላው ሊቀመንበር ቢሆን ለዘበኞቹ ያድለው ነበር፤ እሱ አንዲት ፍሬ አልነካም። ለጥምቀት ሁለተኛ ከረጢት መጣ፣ ከነደብዳቤው። ለፋሲካ ሦስተኛ። ልጁ መልስ ለምን እንደማይጽፍ ሰው ሲጠይቃት «የግርማ እጅ ሰነፍ ነው» ትላለች። ቁም ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር የዳቦ ቆሎው ሽታ ቢሮውን ይሞላዋል፤ ጋሽ ጉደታ ያን ጊዜ ተነሥቶ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር። ሰውየው ከስቷል። በመንገድ ላይ እትዬ ሙሉን ከሩቅ ካየ በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እትዬ ሙሉ በነጭ ልብስ መጣች።

«ጉደታ፣ ለግርማ የምትሆን ልጅ አይቼለታለሁ» አለችው። እሷ ብቻ ነበረች ሊቀመንበር ከሆነም በኋላ «አንተ» የምትለው። «መልካሳ ነው ቤታቸው። አባትየው እርሻ ምርምሩ ውስጥ ይሠራል፤ ጨዋ ቤተሰብ ናቸው። ፈቃድ ሲሰጡት መጥቶ ያገባል፤ እስከዚያ ቃል ይታሰርልኝ። ሽማግሌ አንተ ትመራልኛለህ። ሊቀመንበር ከሄደ እምቢ አይሉም።»

ጋሽ ጉደታ እኔን አየኝ። እኔ ታይፑን አየሁ።

እሁድ ዕለት ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄደ። አብረውት ከሄዱት አንዱ ከጊዜ በኋላ እንደነገረኝ፣ እንደ ወጉ በር ላይ ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው፣ ተቀመጡ ተባሉ። አባትየው ቀና ሰው ነበሩ። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ወደ ጋሽ ጉደታ ዞሩና «እኔ ልጁን አላውቀውም» አሉ። «እርስዎ ግን የአካባቢው ኃላፊ ነዎት፤ የእርስዎ ቃል ይበቃኛል። ልጁ ደህና ነው?» ጋሽ ጉደታ መሬት መሬቱን አየ። አባትየው ድጋሚ ጠየቁት። ተነሣና ባርኔጣውን አንሥቶ «ልጅዎን አይስጡ» አለ። ሌላ ቃል ሳይጨምር ወጣ። ሽማግሌዎቹ በኃፍረት ተከተሉት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሙሉ ቢሯችን ገባች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ምን በድዬህ ነው?» አለችው። «ያንን ጥሩምባ ይዘህ ስትዞር ባሌን የቀበርክልኝ አንተ ነህ። ወንድሜ ነው ብዬ ነው የላክሁህ። ልጄ ምን ጎድሎት ነው አትስጡት ያልከው? ሹመት እንዲህ ያደርጋል?»

ጋሽ ጉደታ ከወንበሩ ሳይነሣ ስድቧን ሁሉ ተቀበለ። ስትወጣ ፊቱን ሳያዞር «ቁልፉን ስጪኝ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። ሰጠሁት። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅሁትም፤ ገብቶኝ ነበር። እንዳያደርገው ፈራሁ፤ እንዲያደርገውም ፈለግሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ። ከአልጋዬ ሳልነሣ ቆጠርኩ፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም። ስንወጣ ጋሽ ጉደታ እትዬ ሙሉ ደጅ ቆሟል። ካኪውን አልለበሰም፤ ያንኑ የድሮ ኮቱን ለብሷል። እግሩ ሥር ሦስቱ ከረጢቶች አሉ። እትዬ ሙሉ ነጠላዋን እንደ ጎረቤት አዘቅዝቃ፣ ማን ሞተ ብላ በሩን ከፈተች። የግርማን ስም ከነአባቱ ጠራ። «ቀብሩ እዚያው ተፈጽሟል» አለ። «ለቅሶው እዚህ ነው።»

ያን ጩኸት አልጽፈውም።

ሴቶቹ ሲይዟት፣ አንዱ ወንድ «መቼ ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ጉደታ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ «ከኅዳር በፊት» አለ። «የደበቅሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።» እኔ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዓይኑን ወደ እኔ አላዞረም። ከረጢቶቹን አንሥቶ ደጃፉ ላይ አኖራቸው፤ በየከረጢቱ አፍ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። እነዚያን ደብዳቤዎች ረስቻቸው ነበር። እሱ አልከፈታቸውም፤ የሰው ደብዳቤ የሚከፍት ሰው አልነበረም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጥተው ወሰዱት።

የግርማ አርባ ካለፈ በኋላ እትዬ ሙሉ በጥቁር ልብሷ እኛ ቤት መጣች። እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ተቀመጪ ብላት ተቀመጠች፤ ከነጠላዋ ጫፍ ሦስቱን ወረቀቶች ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። መታጠፊያቸው ከመከፈት ብዛት ላልቷል። ምን ያህል ቀን እንደፈጀባት አላውቅም፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየያዘች ያነበበቻቸው መሆኑን ግን አየሁ። ከ«ይቅር» ሥር ወረቀቱ በጣት አሻራ ጠቁሯል።

እሷ ስለ ወረቀቶቹ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ማመልከቻ ጻፊልኝ» አለች። «ጉደታን እንዲፈቱት። እኔ የሟቹ እናት ነኝ፤ ይሰሙኝ ይሆናል።» ወረቀት አወጣሁ። እስክሪብቶዬን ሳነሣ እጄን በእጇ ያዘችው፤ የእጇ ቆዳ በብርቱካን ልጣጭ የነደደ ነው። «የምልሽን ጻፊ» አለችኝ። «አሁን አነበዋለሁ።»

ያለችውን ጻፍኩ። ስጨርስ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ብዙ ጊዜ ወስዳ አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ባለሥልጣናቱ እንዳይቆጡ ብዬ «በስሕተት» የሚል ቃል ጨምሬ ነበር። «ይኼ እኔ ያልኩት አይደለም» አለች። «በስሕተት አይደለም የነገረኝ። አውቆ ነው።» ሌላ ወረቀት አወጣሁና እንደገና ጻፍኩት። ከሥሩ አውራ ጣቷን አላተመችም፤ ስሟን በራሷ እጅ ጻፈች፣ የመጨረሻው ፊደል ከመስመር ወርዶ።

ማመልከቻው ይሥራ፣ ሌላ ነገር ይሥራ አላውቅም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ጋሽ ጉደታ ተፈታ። ሊቀመንበርነቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ወደ ቆርቆሮ ጥላው ተመልሶ ልጓሙን መስፋት ቀጠለ፤ እድሩም ጥሩምባውን መለሰለት። እትዬ ሙሉ ስታርፍ የነፋላት እሱ ነው። እነዚያን ወረቀቶች ከእሷ ጋር ቀበሯቸው ይሆን፣ ሌላ ሰው አገኛቸው ይሆን፣ አልጠየቅሁም። እኔ ያንን ሥራ ለቅቄ አስተማሪ ሆንኩ፤ ስንት ሕፃን ፊደል አስቆጠርኩ። ጋሽ ጉደታ በመንገድ ሲያገኘኝ «ኢንተላ ኮ፣ ነጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይለኝ ነበር። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አላነሣብኝም። በሰፈሩ ግን ከእናት የልጇን መርዶ ስድስት ወር የደበቀ ሰው የሚል ስም እስከ እርጅናው ተከትሎታል። አንዳንዱ ፊት ለፊት ይነግረው ነበር፤ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማል። እኔ አጠገቡ ቆሜ የሰማሁበት ጊዜም ነበር።

አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል። ሌንሴ ወረቀቱን ልትወስድ መጥታ ሳሎን ተቀምጣለች። ግማሹ ገጽ ሞልቷል። ልጓም ሰፊ እንደነበር፣ ጥሩምባ ነፊ እንደነበር፣ ሳይፈልግ ሊቀመንበር እንደሆነና ለምን እንደወረደ ጽፌያለሁ። ፖስታውን የከፈተችው፣ ቁም ሳጥኑን የቆለፈችውና ቁልፉን የያዘችው ታይፒስት ብዙነሽ እንደነበረች፣ እሱም ለእሷ ብሎ ብቻዬን ነው እንዳለ ጽፌያለሁ። ቃሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየተከተልኩ አየሁት፤ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩበትም።

ሌንሴ እጇን ዘረጋች። «ነገ ዘመዳችን ያነበዋል፣ ድምፁ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«አይ ልጄ» አልኳት። «እኔው ራሴ አነበዋለሁ።»